የእትዬ ሙሺል መግነዝ

አማቴ የሰው ወሬ አያምኑም ነበር። የሚያምኑት ክር ሲቃጠል የሚወጣውን ሽታ ነው። አንዶንግ ገበያ መግነዝ የሚሸጡት ነጋዴዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ጨርቃቸውን መሰብሰብ ይጀምሩ ነበር። ምክንያቱም እሳቸው ጨርቁን አይደባብሱም፣ ዋጋም አይጠይቁም፤ ከጠርዙ አንዲት ክር ይመዙና ክብሪት ይጭራሉ። የሳም ክር ከሆነ እንደ ደረቅ ገለባ ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ብን ይላል። ናይለን ከተቀላቀለበት ግን ይኮማተርና ጥቁር ጠጠር ሆኖ ይቀራል።

«እየው» ይሉታል ነጋዴውን፣ ጠጠሯን አፍንጫው ሥር አድርገው። «ይህን ለብሼ ባሌ ፊት ልቅረብ? ስንት ዓመት ጠብቆኝ፣ ላስቲክ ለብሰሽ መጣሽ ይበለኝ?»

«እማማ፣ የሞተ ሰው እኮ ጨርቅ አይመረምርም።»

«የኔ ባል ይመረምራል። በቁሙም ሥራው እሱ ነበር።»

ሳም ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ከልጡ ክር የሚወጣ ተክል ነው። እኛ አገር ሰው ሲሞት የሚገነዘው ከሱ በተሠራ ጨርቅ ነው፤ መንደራችን ኖሬጎልም ስሟ የሚነሳው በዚሁ ነው። የአማቴ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፦ በገዛ እርሻቸው የበቀለና የገዛ እጃቸው ያለበት ሳም ለብሰው መቀበር። ባላቸውን የቀበሩት እንደዚያ ነው። ችግሩ ከተሜው ሃሺሽ የሚለው ነገር የዚሁ ተክል ቅጠል መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ ለአንዲት መግነዝ ሲሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሕግ ጋር ሲገፋፉ ኖሩ።

እኔ ፒልሱን እባላለሁ፤ የልጃቸው ሚስት ነኝ። እሳቸውን መንደሩ የሚጠራቸው በተወለዱበት ቦታ ስም፣ እትዬ ሙሺል እያለ ነበር፤ እኛ ጋ ያገባች ሴት የራሷ ስም የሚነሳው መታወቂያ ስታወጣ ብቻ ነው። ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ቤት ስገባ መጀመሪያ የነገሩኝ «እዚህ መንደር በር ሳትዘጊ ውኃ ልትቀጂ እንዳትወጪ» የሚል ነበር። መጠርጠርን የተማርኩት ከእሳቸው ነው፤ ጎበዝ ተማሪም ነበርኩ።

ቅጠሉ ድሮ ቆሻሻ ነበር። ሳሙ ሲታጨድ ቅጠሉ በቀርከሃ ቢላ ይላጭና እርሻው ላይ ይበተናል፣ ይበሰብሳል፤ አለቀ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው፣ አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ አሜሪካኖቹ ወታደሮች ከሰፈሩበት በኩል በጭነት መኪና መጥቶ «ቅጠሉን እገዛለሁ» አለ። መንደሩ ሞኝ አገኘን ብሎ ተሻማ። ከግንቡ ማዶ የምትኖረው ጎረቤታችን ጎምሴ በሸጠችው ቅጠል ሬዲዮ ገዛች። አማቴ አንዲት ቅጠል አልሸጡም።

«ለምን ሳይሸጡ ቀሩ?» ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ።

«ቆሻሻ በገንዘብ የሚገዛ ወይ እብድ ነው ወይ ሌባ። እብድ ደግሞ መኪና አይነዳም።»

ጎምሴ ከአማቴ በሁለት ዓመት የምታንስ፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ትንሽ ሴት ነበረች። እሷና አማቴ ሳይገናኙ የሚውሉበት ቀን አልነበረም። ሳም ለብቻ አይሠራም። ግንዱን በእንፋሎት ለመቀቀል ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ድንጋይ የሚያግል፣ ውኃ የሚያፈስ መንደር ሙሉ ሰው ይፈልጋል። ልጡ ከተሰነጠቀ በኋላ ደግሞ ሴቶቹ ዛሬ እዚህ ቤት ነገ እዚያ ቤት እየዞሩ ይቀጥሉታል፤ ቀሚስ እስከ ጭን ይገለባል፣ የአንዱ ክር ጫፍ በምራቅ ይረጥባል፣ ከሌላው ጫፍ ጋር ጭን ላይ ይፈተላል። ስለዚህ በአንዷ ሴት ጨርቅ ውስጥ የሁሉም ሴቶች ምራቅ አለ። የአማቴ ጭን በዚህ ሥራ ጸጉሩ ከሥሩ አልቆ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ሆኖ ነበር።

ስለ ሕጉ የምለው የሰማሁትንና ያየሁትን ነው። ከጦርነቱ በኋላ የወጣው የመጀመሪያው አዋጅ የከለከለው የሕንዱን ዓይነት ነበር አሉ፤ የኛ ደግሞ ከሕንድ አልመጣም፤ ማንም ግድ አልሰጠው። ቀጥሎ በ1970 እንደ አውሮፓውያኑ የወጣው ግን የኛንም ነካ። ወይ ለመንደሩ የነገረ የለም፣ ወይ ተነግሮን አልሰማንም ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን አላምንም። ሰው ወህኒ የሚያወርድ ነገር ተነግሮት የማይሰማ መንደር የለም።

ከዚያ አንድ የብርድ ወራት፣ ጎምሴ ቤት ከሥሩ እሳት ነዶ በሞቀው ወለል ላይ ጭናችንን ገልጠን ክር ስንቀጥል፣ ያ የቅጠል ሬዲዮ ዘፋኞች ሃሺሽ አጭሰው ታሰሩ ብሎ አወራ። አንዱ በስም ሲጠራ ያሉት ልጃገረዶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ሃሺሽ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ጎምሴ፣ ክሩን በጥርሷ ይዛ።

«ጸጉር የሚያሳድግ መድኃኒት ይሆናል» አሉ አማቴ። «አላየሽም እንዴ የልጆቹን ጸጉር?»

ሳቅን። ጭናችን ላይ ያለው ምን እንደሆነ አንዳችንም አልጠረጠርንም፤ አማቴ እንኳ አልጠረጠሩም። እስከዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል።

ጸደይ ሲገባ ፒዮ የሚባል ወጣት የወረዳ ሠራተኛ መጣና መንደሩን ሰብስቦ አዲሱን አዋጅ አነበበ። ይሄኛው ለዚህ ተክል ብቻ ተብሎ የወጣ ነው። ሳም የሚዘራ ሁሉ ፈቃድ ያወጣል፣ መሬቱም ይለካል። ሲታጨድ ቅጠሉ በሙሉ በመንግሥት ሰው ፊት ይቃጠላል። ቅጠል ከጎደለ ባለፈቃዱ ይጠየቃል፤ የሸጠ ሰው ወህኒ ነው፣ ለብዙ ዓመት።

አማቴ ብድግ አሉ። «አንተ ልጅ፣ አባትህ ሞቷል አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«በምን ገነዛችሁት?»

«በሳም።»

«በሃሺሽ ገነዛችሁት በለና። ፈቃድ ነበራችሁ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ፒዮ ጆሮው ቀላ። አማቴ ግን እየሳቁ አልነበረም። ቤት ስንገባ «ዛሬ ቅጠሉን ነው ያሉት፤ ነገ ግንዱን ይላሉ» አሉኝ። መንደሩም እንደዚያው ጠርጥሮ ኖሯል፣ በዚያ ዓመት እንደ ጉድ ተዘራ። ቅጠሉ ሲቃጠል ፒዮ በነፋሱ በኩል ቆሞ ነበር፤ ነፋሱ ዞረና ጭሱ ፊቱ ላይ መጣ። «ይኸው እሱም አጨሰ፣ ማን ይሰረው?» ብሎ የቀለደው ባሌ ሃክሱ ነው።

ዓመቱ ትርፍ ወር ያለበት ነበር፤ በጨረቃ ስለምንቆጥር በየሦስት ዓመቱ ገደማ አንድ አሥራ ሦስተኛ ወር ይጨመራል። በትርፍ ወር መናፍስቱ አያዩም ይባላል፤ መግነዝ የሚቆረጠውም ያን ጊዜ ነው፤ በቁሙ መግነዙን ያሰናዳ ሰውም ዕድሜው ይረዝማል። የራስን መግነዝ ራስ አይሰፋም፤ ስለዚህ የአማቴን ጎምሴ ሰፋች፣ የጎምሴን አማቴ ሰፉ። መግነዝ ሲሰፋ ክሩ አይቋጠርም፤ የክሩ ጫፍ ዝም ብሎ ይተዋል። የተቋጠረበት ለብሶ የሄደ ቂሙን ይዞ ይሄዳል፣ ልጆቹም ላይ ይተርፋል ይላሉ። ስፌቱ ሲያልቅ ሁለቱ ሴቶች የየራሳቸውን ለክተው እርስ በርስ ተያዩ።

«አምሮብሻል፣ እትዬ» አለች ጎምሴ። «ብቻ እንዳትቸኩዪ።»

«አንቺ ቅደሚ፤ ቦታ ያዢልኝ።»

አማቴ መግነዛቸውን አጥፈው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ። ያን ሰሞን እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት አጨዳው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ አማቴ ከእርሻ ተመልሰው ኩሽናው በር ላይ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል። በጅረቱ በኩል ያለው የእርሻው ጥግ ላይ፣ ቅጠል የሚበዛበት የሳሙ ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ ተወስዷል። ሄጄ አየሁ። ግንዶቹ አንገት አልባ ሆነው ቆመዋል።

«ማነው?» አልኩ።

አማቴ ተንበርክከው ቆረጣውን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ተነሱና በቀጥታ ወደ ግንቡ ሄዱ፤ መንደሩ እስኪሰማ ድረስም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጎምሴ! ሬዲዮሽ ድንጋይ ጨረሰ እንዴ? የባለ ኮፍያውን መንገድ የምታውቂ አንቺ ነሽ።»

ጎምሴ ወጣች። እጇ ላይ የታጠበ ሩዝ አለ። አማቴን አየቻቸው፣ ከኋላቸው እኔን አየች፣ ከኔ ኋላ ባሌን አየች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች።

«ዝም አለች፤ ሰማችሁ? ዝም አለች» አሉ አማቴ ለተሰበሰበው ሰው።

ጎምሴ ሩዟን ይዛ ገባች። ዝምታዋ ለኔ ከቃል በላይ ነበር። ያልሰረቀ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን አንቱ ማለቱን ተውኩ፤ መንገድ ላይ ስታልፍ ፊቴን አዞርኩ።

ፒዮ መጣ፣ መረመረ። አማቴ ለሱ ሲናገሩ የማንንም ስም አላነሱም፤ «ሌባ ነው፣ አላየሁም» ብቻ አሉ። ፒዮ ግን መንደሩ ሲያወራ ሰምቶ የጎምሴን ቤት አስፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም። ሕጉ ግን አንድ ሰው ይፈልጋል፤ ቅጠሉ የጎደለው በአማቴ ፈቃድ ነው። ፈቃዳቸው ተሰረዘ፣ የቆመው ሳም እንዳለ ተነቅሎ ተቃጠለ። አማቴ እሳቱ እስኪጠፋ እንደቆሙ ነበር። መግነዜ ሣጥን ውስጥ ነው፣ እሱን የሚወስድብኝ የለም ብለው ተጽናኑ።

ባሌ በዚያው መከር የጭነት መኪና መንዳት ሊማር ዴጉ ከተማ ሄደ። የተማረበትን ገንዘብ ከየት እንዳመጣ አልጠየቅኩም። ጎምሴን እንጂ ባሌን መጠርጠር አልተማርኩም ነበር።

ጥሩ ሰው ነበር ሃክሱ። ቀልዱ ቤቱን ያሞቀው ነበር። ልጅ ሳለ በግራ እጁ ማንኪያ ሲያነሳ እናቱ እየመቱ ወደ ቀኝ መልሰውታል፤ ለሥራ ግን ግራው አልለቀው ብሎ ባለ እጁ ቀጥቃጭ ለግራ የሚሆን ማጭድ ሠርቶለት ነበር። መንደሩ «ግራው» እያለ ይስቅበታል። ስድስት ዓመት መኪና ነዳ። በሰባተኛው፣ በረዶ በያዘው ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ተገለበጠ።

አስከሬኑ ሲመጣ ቤት ውስጥ ያለው መግነዝ አንድ ብቻ ነበር። ለወጣት ልጁ መግነዝ አሰናድቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ሰዎች ከገበያ እንግዛ ሲሉ አማቴ «ላስቲክ አላለብሰውም» አሉና ሣጥናቸውን ከፈቱ። የእሳቸው ለሱ አጠረ፤ እግሩ ወጣ። ጫፉን ጎተት ጎተት እያደረጉ እግሩን ለመሸፈን ሲታገሉ አየኋቸው። ያን ያህል ያዘንኩበት ቀን በሕይወቴ የለም፤ ለሱ ነው ለእሳቸው እስከዛሬ አልለየሁትም። ጎምሴ ከግንቡ ማዶ ስታለቅስ ትሰማ ነበር፤ እኔም «የአዞ እንባ» አልኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ።

ከዚያ ወዲያ አማቴ በየጸደዩ ወረዳ ይሄዱ ነበር። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፒዮ ጠረጴዛ ፊት ይቆማሉ።

«አንተ ልጅ፣ ፈቃዴን መልስልኝ። አንድ መግነዝ የሚያህል መሬት ይበቃኛል።»

«እማማ፣ ቅጠል የጠፋበት መሬት ነው። እኔ ብፈቅድ እኔ እጠየቃለሁ። ሌባው ማን እንደሆነ ይንገሩኝና እናያለን።»

«አላየሁም አልኩህ።»

«ጎረቤቴ ናት ሲሉ መንደሩ ሰምቷል።»

«መንደሩ የሚሰማውን ሁሉ ብታምን ኖሮ እስካሁን ሹም ሆነህ ነበር።»

ይህን ሲሉ አጠገባቸው ነበርኩ። ለምን ስሟን አይጠሩለትም ብዬ ተናደድኩ። አንዲት ቃል፣ ጎምሴ የምትል አንዲት ቃል፣ መሬታቸውን ትመልስላቸው ነበር። እርጅና ነው፣ ፈርተው ነው፣ ብዬ ተውኩት።

ፒዮ ጡረታ ወጣ። በአውሮፓውያኑ ሁለት ሺው ዓመት ሕጎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተጠቃለው አዲስ አዋጅ ሆኑ፤ ወረዳ ያሉት አዲስ ልጆች የድሮውን ጉዳይ እንኳ አያውቁትም ነበር። አሁን ይዝሩ ሲባሉ ደግሞ የሚቀቅልላቸው ሰው ጠፋ። ወጣቱ ከተማ ገብቷል፣ ሳም የሚዘራ አንድ ቤት ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የጎምሴ ነው። ግንቡን ተሻግሮ አብሬሽ ልቀቅል ማለት ይቻል ነበር፤ አማቴ አላሉም። ቆይቶ ጎምሴም እጇ ደከመና ተወችው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሕጉ እንደገና ተገለበጠ፤ ቅጠሉ መድኃኒት ነው ተባለ። አንድ ኩባንያ ጅረቱ አጠገብ፣ ድሮ ጫፉ የተቆረጠበት ጥግ ፊት ለፊት፣ የመስታወት ቤት ሠርቶ በየማዕዘኑ ካሜራ ሰቀለ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ልጅ መጥቶ ስለ ድሮው አዘራር ጠየቀን።

«ግንዱን ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉት አማቴ፤ ያን ጊዜ ዘጠና ሊደፍኑ ነበር።

«ግንዱ ለኛ ቆሻሻ ነው፣ እማማ። ይጣላል።»

«እንግዲያው ለኔ ስጠኝ።»

«አይቻልም። ሕጉ በሰው ፊት ይወገድ ይላል።»

አማቴ ልጁን ረጅም ጊዜ አዩት። «ባለ ኮፍያው አያትህ ነው?» አሉት። ልጁ ቀልድ መሰለው።

አምና ነው፣ ጸደይ ላይ ትርፍ ወር ገባ። አማቴ አልጋ ይዘው ነበር፤ ቀን ቀን ፀሐይ እንዲሞቃቸው ደጃፍ ላይ ምንጣፍ አነጥፍላቸዋለሁ። እኔ ከአንዶንግ የገዛሁትን መግነዝ በክብሪት ፈትነው ጥለውታል፤ ሌላ የገዛሁትንም ጥለውታል። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ምንም ሳይለብሱ ልቀብራቸው ነው ወይ እያልኩ ነው የምውለው።

አንድ ቀን ወደ እኩለ ቀን ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ ከፈትኩ። ጎምሴ ናት። በምርኩዝ ታጥፋ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ። በዚያ በር ከአርባ ዓመት በላይ አልገባችም። ልዘጋባት ነበር።

«ማናት?» አሉ አማቴ ከምንጣፉ ላይ።

«እትዬ፣ ሌባሽ ነኝ።»

«አስገቢያት። ክብሪትም አምጪ።»

ጎምሴ ጥቅሉን ፈታች። መግነዝ ነው፤ የድሮ ሳም፣ በዕድሜ ወደ ማር የወረደ ቀለም ያለው። አማቴ ዓይናቸው ስለደከመ ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት፤ የተተወች የክር ጫፍ አገኙ። ቆርጬ ሰጠኋቸው። ክብሪቱን ጫርኩላቸው። ጢሱን አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩ፤ አመዱ ጣታቸው ላይ ብን አለ።

«ስፌቱ የኔ ነው» አሉ።

«ያንቺ ነው። ክሩም ግማሹ ያንቺ ምራቅ ነው።»

«አንቺስ ምን ልትለብሺ ነው?»

«ልጆቼ ሴኡል ናቸው፤ ያቃጥሉኛል። ለእሳት ሳምም ላስቲክም ያው ነው።»

እኔ ክብሪቱን እንደያዝኩ ነኝ፤ ይህች ሴት ምን ፈልጋ ነው ያመጣችው፣ ንስሐ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ እያልኩ።

«ቆረጣው ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር» አሉ አማቴ ድንገት።

«አውቃለሁ። ጎህ ሲቀድ ከሳሙ መሐል ሲወጣ አይቼዋለሁ። ጆንያው ቀኝ ትከሻው ላይ፣ ማጭዱ ግራ እጁ ላይ።»

«እንዳየሽውም ጠርጥሬ ነበር። ቀድሜሽ የጮህኩት ለዚያ ነው። አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ ልጄ አለቀለት ብዬ።»

«እትዬ፣ እኔን ካልጠረጠርሽ ማንን ትጠረጥሪ ነበር? ሬዲዮ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።»

«ስምሽን ግን ለፒዮ አልሰጠሁትም።»

«አልሰጠሽም። ስለዚህ ነው እኔም የተውኩት።»

የክብሪቱ ሣጥን ከእጄ ወድቆ ተበተነ። በመንደሩ ውስጥ በግራው የሚያጭድ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ጎኔ ይተኛ ነበር። ያ የግራ ማጭድ በዚያው ሰሞን መጥፋቱ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ አማቴ የት እንደጣሉት ዛሬም አላውቅም። ቅጠሉ ተሸጦ የመንዳት ትምህርት ሆነ፣ ትምህርቱ መኪና ሆነ፣ መኪናው ገደል ገባ። እሳቸውም የገዛ መግነዛቸውን ያለበሱት ያንኑ የሰረቃቸውን ልጅ ነው፣ እያወቁ።

ተናደድኩ። በሞተ ባሌ ተናደድኩ፤ ከዚያ በላይ ግን በእሳቸው። «ለኔ እንዴት አይነግሩኝም? ይሄን ሁሉ ዓመት ሴትዮዋን ስሰድባት እየሰሙ?»

አማቴ ወደ ድምፄ ዞሩ። «ባልሽ ነበራ። ለአንቺም ቢሆን የምትጠረጥሪው ሌላ ሰው ይሻልሽ ነበር።»

ከዚያ ለልጃቸው ቀብር ያላለቀሱትን አለቀሱ። እትዬ ጎምሴ ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው፤ ሲበዛ ዘግይቼ።

አማቴ ያረፉት ሳሙ ድሮ በሚታጨድበት ወር ነው። ሳለብሳቸው እትዬ ጎምሴ አጠገቤ ቆመው ነበር። መግነዙ ልካቸው ሆነ፤ ሁለቱም ሴቶች አንድ ልክ ናቸው። ጠርዙን ከአንገት እስከ እግር በጣቴ ዳሰስኩ፣ ቋጠሮ ፍለጋ። ልማድ ነው፣ አልተወኝም።

«ፈትሸሽ ጨረስሽ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ፣ እትዬ። አንድም የለበትም።»

በሚቀጥለው ጸደይ በሰባ ዓመቴ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ወረዳ ሄድኩ። እትዬ ጎምሴ አብረውኝ መጥተው በረንዳው ወንበር ላይ ቀሩ። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ በዕድሜ የልጅ ልጄ ልትሆን ትችላለች።

«ለምን ዓላማ ነው የሚዘሩት?» አለችኝ።

«ለመግነዝ።»

«ለራስዎ?»

«ለጎረቤቴ። አንድ ሰው የሚያለብስ ይበቃኛል።»

የድሮው መዝገብ ሁሉ የገባበትን ኮምፒዩተሯን አየች። «ይህ መሬት ላይ ድሮ ቅጠል ተሰርቆ ፈቃድ ተሰርዟል ይላል። ሌባው አልታወቀም። እርስዎ ያውቁታል?»

አማቴ በዚህ ጥያቄ ፊት ስንት ጸደይ እንደቆሙ አሰብኩ። በመስኮቱ እትዬ ጎምሴን አየኋቸው፤ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው በሩን በጥርጣሬ ያያሉ።

«አውቀዋለሁ» አልኳት። «ባሌ ነበር። ጎረቤቴ ናት ብሎ መንደሩ አርባ ስድስት ዓመት አውርቷል፤ ውሸት ነው። ይሄንንም ጻፊው።»

የልጅቷ ጣቶች ቆሙ፤ ከዚያ ጻፈች። መልሱን በስልክ እናሳውቃለን አለችኝ።

ስወጣ እትዬ ጎምሴ ክንዴን ያዙኝ። «ምን አልሻቸው?»

«እውነቱን።»

«አንቺ ሞኝ። ሊከለክሉሽ ነው።»

ስልኩ እስካሁን አልደወለም። እትዬ ጎምሴ በየጠዋቱ ከግንቡ ማዶ «ደወሉ?» እያሉ ይጮሁብኛል። እኔ ግን በጅረቱ በኩል ያለውን የእርሻውን ጥግ ቆፍሬ አለስልሼዋለሁ።